ጫካ ስትገቡ ጆሯችሁን ለማን ትሰጣላችሁ? ሙዚቃና ፀጥታ ሲነጻጸሩ

የእግር መንገዱ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሊገባ ሲል አብዛኛው ሰው ስልኩን ያወጣል። አንዱ ዘፈን ይመርጣል፣ ሌላው ጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል፣ ጥቂቱ ደግሞ ሁሉንም አጥፍቶ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ውሳኔው ከሁለት ሴኮንድ በላይ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ያለውን የሁለትና የሦስት ሰዓት ጉዞ ግን ይለውጠዋል። ምን እንደምትሰሙና ምን እንደሚያመልጣችሁ፣ አደጋ ሲመጣ ከስንት ርቀት እንደምታውቁ፣ አብሯችሁ የሚሄደው ሰው ተደስቶ ይሁን ተሰላችቶ መመለሱ፣ ሁሉም በከፊል የሚወሰነው እዚያች ቦታ ላይ ነው።

እኔ ሙዚቃ ወዳጅ ነኝ፤ ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ለብዙ ዓመታት ጫካም ተራራም ስወጣ ጆሮዬ ውስጥ ዘፈን ነበር። አሁን ግን መነሻዬ ፀጥታ ሆኗል፤ ሙዚቃውን የማወጣው የማውቀው ምክንያት ሲኖረኝ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሙዚቃው የሚበልጥበትንም ቦታ አልደብቅም።

ፀጥታ የምንለው ነገር

ተፈጥሮ መሃል ዝም ያለ ነገር የለም። ፀጥታ ስንል የሰው ድምፅ የሌለበትን ሁኔታ ማለታችን ነው። የተፈጥሮን ድምፅ በመቅረጽ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት አሜሪካዊው በርኒ ክራውስ በአንድ ቦታ የሚሰማውን ሁሉ በሦስት ይከፍሉታል፦ ነፋስ፣ ውኃና ነጎድጓድ የሚያሰሙት፤ እንስሳት የሚያሰሙት፤ የሰው ልጅ የሚያሰማው። ሦስተኛውን ስናነሳው የቀሩት ሁለቱ ይወጣሉ።

ችግሩ እነዚህ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ ዝግ ያሉ መሆናቸው ነው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ በድምፅ መጠን መለኪያው፣ በዴሲቤል፣ ከ20 እስከ 30 አካባቢ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ 60 ገደማ ይደርሳል። ዴሲቤል እንደ ሜትር አይቆጠርም፤ 10 በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ በ30 እና በ60 መካከል ያለው ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን የመሸፈን ባሕርይ አለው። ቤዙ የበረታ ዘፈን በዝቅተኛ ድምፅ ቢከፈት እንኳ የነፍሳትንና የትንንሽ ወፎችን ድምፅ ሊውጠው ይችላል። “ሙዚቃውን ዝቅ አድርጌ ሁለቱንም እሰማለሁ” የሚለው ሐሳብ በተግባር የማይሠራው ለዚህ ነው።

ጆሮም ወዲያው አይከፈትም። አንድ ቀን ጅረት ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ማዳመጫዬን ያወለቅኩት ገና ከመቀመጤ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት አንድ ወጥ “ሽሽሽ” ነበር፤ ጅረት ነው፣ አለቀ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየሁ ግን ድምፁ ይከፋፈል ጀመር። ውኃው በዝርግ ድንጋይ ላይ ሲያልፍ ቀጭን ነው፤ በሁለት ድንጋዮች መሃል ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ደግሞ ጠርሙስ ሲሞላ እንደሚሰማው “ጉልጉል” ይላል። ከዚያ ከኋላዬ ደረቅ ያለ ኮሽታ መጣ፤ ይቆማል፣ እንደገና ይመጣል። ቀስ ብዬ ዞር ስል ቡናማ ወፍ የረገፉትን ቅጠሎች በመንቁሯ አንድ በአንድ እየገለበጠች ሥራቸውን ትፈትሻለች። አንዱን ታነሳለች፣ ወደ ጎን ትጥላለች፣ ታያለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ከእኔ ሦስት እርምጃ አትርቅም። ጆሮዬ ውስጥ ዘፈን ቢኖር ኖሮ እዚያ መሆኗን ሳላውቅ ተነስቼ እሄድ ነበር።

ሌላም ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሙዚቃ እየሰማሁ ስሄድ የራሴን ኮቴ አልሰማም፤ ስለማልሰማም እረግጣለሁ፣ ጭራሮ እሰብራለሁ፣ ጠጠር አንኮራኩራለሁ። ጆሮዬ ክፍት ሲሆን እግሬ ራሱ ይለሰልሳል። እንስሳ ለማየት የወጣ ሰው በዚህ ብቻ እንኳ ፀጥታን መምረጥ አለበት እላለሁ።

ከሁለቱ የትኛው ያረጋጋል?

እዚህ ላይ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። የሚያረጋጋው ለስላሳ ሙዚቃ ነው የሚል አለ፤ ፍጹም ዝምታ ነው የሚልም አለ። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት 24 ሰዎችን የተለያየ ዓይነት ሙዚቃ እያሰሙ የልብ ምታቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና አተነፋፈሳቸውን ለክተዋል። ፈጠን ያለው ሙዚቃ እነዚህን ከፍ አደረጋቸው። ትኩረት የሳበው ግን በሙዚቃዎቹ መሃል የገባችው የ2 ደቂቃ ዝምታ ያስከተለችው ነው፤ በእሷ ጊዜ የልብ ምቱም የደም ግፊቱም ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ከነበረው በታች ወረደ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማየት ተውኩ። ቅደም ተከተላቸው ራሱ ይሠራል። ከሥራ በቀጥታ የምትወጡ ከሆነና ጭንቅላታችሁ ገና እየጮኸ ከሆነ፣ በመንገድ ላይና እግር ጉዞው ሲጀመር የምትወዱትን ስሙ፤ ከዚያ አጥፉት። የሚቀጥለው ዝምታ ከመጀመሪያው ዝም ብላችሁ ብትገቡ ከምታገኙት ይልቅ ጥልቅ ሆኖ ይሰማችኋል። እኔ ሞክሬው ሠርቶልኛል።

የተፈጥሮ ድምፆችም ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ቀደም ያሉ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ የውኃ ድምፅ ስሜትን በማደስ፣ የወፍ ድምፅ ደግሞ ጭንቀትንና ብስጭትን በመቀነስ ጎልተው እንደሚታዩ አሳይቷል። ስለዚህ “ፀጥታ ልምረጥ” ስትሉ የት እንደምትቀመጡም ምረጡ፤ የከፋችሁ ቀን ወደ ውኃው፣ የተጨነቃችሁ ቀን ወፎች ወደሚበዙበት የጫካ ዳር።

ሙዚቃ የሚያሸንፍበት ቦታ

አካላዊ ጥረት ሲሆን ሙዚቃ እውነተኛ ጥቅም አለው። ለንደን በሚገኘው ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት በዚህ ጉዳይ ላይ የሠሩት ኮስታስ ካራጆርጊስ እንዳሳዩት፣ ቀላልና መካከለኛ ጥረት በሚጠይቅ እንቅስቃሴ ላይ ሙዚቃ ድካሙን እንዲቀል አድርጎ ያሰማል፤ በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ምት ያለው ዘፈን በተለይ ይስማማል። ጥረቱ ሲበረታና ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ግን የሰውነት ድምፅ ሙዚቃውን ያሸንፈዋል፤ ያኔ የትኛውም ዘፈን ብዙ አይረዳም። ስለዚህ ደህና አድርጋችሁ የምታውቁት፣ ረጅምና የማይለዋወጥ ዳገት ለሙዚቃ ጥሩ ቦታ ነው። ምቱን ከእርምጃችሁ ጋር አግጥሙት፤ ዳገቱ ያጥራል።

ዝምታ የሚከብዳቸው ሰዎችም አሉ። ጆሯቸው ጭው የሚልባቸው ሰዎች ምንም ድምፅ በሌለበት ቦታ የሚሰሙት ያንኑ ጭውታ ብቻ ነው፤ ለእነሱ ዝግ ያለ ሙዚቃ ወይም ጅረት ዳር መቀመጥ እፎይታ ነው። ሐዘን ያለበት ሰው ደግሞ ብቻውን ዝም ባለ ቦታ ሲሆን ሐሳቡ ሊበረታበት ይችላል። “ዝምታውን ተቋቋመው” ብሎ መምከር ደግነት አይመስለኝም። ዘፈኑን ይዞ ይውጣ፤ ዛፎቹ ሥር መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከምቾት በፊት የሚመጣው

የማታውቁት መንገድ ላይ ከሆናችሁ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጆሯችሁ ክፍት ይሁን። ዓይን የሚያየው ፊት ለፊት ያለውን ነው፤ ጆሮ ግን ከኋላም፣ ከጉብታው ማዶም፣ ከቁጥቋጦው ውስጥም ይጠብቃችኋል። ከላይ የሚንከባለል ድንጋይ፣ ከኋላ ቁልቁል የሚመጣ ብስክሌት፣ ከምትሻገሩት ወንዝ ራስጌ የሚያጉረመርም ደራሽ ውኃ፣ ሁሉም ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ሲንጫጩ የነበሩ ወፎች ባንዴ ጸጥ ማለታቸውም ብዙ ጊዜ አዳኝ እንስሳ በአካባቢው መኖሩን ይጠቁማል።

ነጎድጓድን ለብቻው ላንሳው። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። ብልጭታውን ካያችሁበት ጀምሮ ቁጠሩ፤ 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና መጠለያ መፈለግ አለባችሁ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይመከራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለሚሰማ ሰው ነው። ጆሮውን የደፈነ ሰው የሚያውቀው ዝናቡ ሲመታው ነው።

ሙዚቃ ከሆነ፣ በምን?

ጆሮን የሚደፍን ኢርፎን በጣም ጥሩ የሙዚቃ ጥራት ይሰጣል፤ ውጭ ላይ ጉዳቱም ያው መድፈኑ ነው። ድምፅ የሚያጠፋው ዓይነት ሲሆን ይብሳል። መሣሪያው የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ተቀብሎ ተቃራኒውን ሞገድ በመልቀቅ ያከስመዋል፤ ይህም በጣም የሚሳካለት በወፍራምና በማያቋርጥ ድምፅ ላይ ነው። መሐንዲሱ አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 ሐሳቡ የመጣላቸው በአውሮፕላን ሲጓዙ ነበር፤ የተፈለገው የሞተር ጉርምርምታን ማጥፋት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ይህ በረከት ነው። ወንዝ ዳር ግን የሚያጠፋባችሁ የውኃውን ጉርምርምታና የመጪ መኪናን ሞተር፣ ማለትም መስማት የነበረባችሁን ነው። ተራራ ላይ ይህን ተግባር አጥፉት።

ብዙ ሰው “አንድ ጆሮ ብቻ ሰክቼ እሄዳለሁ” ይላል፤ እኔም መሃከለኛው መንገድ ይመስለኝ ነበር። አሁን አይመስለኝም። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለቱን ጆሮዎቻችንን በማነጻጸር ነው፤ ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ላይ ከግራው ቀድሞ ይደርሳል፣ ልዩነቱም ከሴኮንድ አንድ ሺኛ ያንሳል። አንዱን ጆሮ በሙዚቃ ስትይዙት ይህ ንጽጽር ይበላሻል። የሆነ ነገር እየመጣ መሆኑን ትሰማላችሁ፤ ከየት እንደሆነ ግን አታውቁም። ጠባብ መንገድ ላይ ከኋላ ብስክሌት ሲመጣ ወደ የትኛው ጎን ገለል እንደምትሉ ግራ መጋባት በቂ አደጋ ነው።

ከእነዚህ ይልቅ ጆሮን ክፍት የሚተወው ማዳመጫ ይሻላል። አጥንት የሚያነዝረው ዓይነት ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭ አጥንት ላይ ያርፍና ድምፁን በአጥንት በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ያደርሳል፤ የጆሮው ቀዳዳ አይነካም። ቤዙ ደካማ ነው፤ ፏፏቴ አጠገብና ነፋስ ሲበረታም ብዙ አይሰማም። ያ እንደ ጉድለት ቢታይም ለእኔ ጥቅሙ ነው፤ ቦታው ራሱ ሲጮህ ሙዚቃው ዝም ይላል። ያኔ ድምፁን ለመጨመር እጃችሁ እንዳይሄድ ብቻ ተጠንቀቁ።

የድምፅ መጠንን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ለልጆች 75። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ነፋስ የሚነፍስበት ገደል አፋፍ ላይ ሰው ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል፤ ወደ ጸጥተኛው ሸለቆ ሲወርድም መልሶ ዝቅ ማድረጉን ይረሳል። የውስጠኛው ጆሮ የመስሚያ ሕዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም።

ስፒከርን በተመለከተ

እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮህ የብሉቱዝ ስፒከር ምርጫ የሚሆነው አካባቢው ላይ ሌላ ሰውም እንስሳም ከሌለ ነው፤ እንዲህ ያለ ጫካ ደግሞ የለም።

ስሌቱን እንየው። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ1 ሜትር ላይ 80 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር 10 ሜትር ላይ 60፣ 100 ሜትር ላይ 40 ነው። ዛፍና ጉብታ ተጨማሪ ይቀንሱታል፤ ሆኖም 40 ዴሲቤል ከቅጠል ኮሽታ በብዙ ይበልጣል። እናንተ ለራሳችሁ የከፈታችሁት ዘፈን 100 ሜትር ርቆ ዓይኑን ጨፍኖ ለተቀመጠ ሰው የዕለቱ ዋና ድምፅ ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ደንብ ሬዲዮንና የሙዚቃ መሣሪያን ጨምሮ ከ15 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ከ60 ዴሲቤል በላይ የሚሰማ ድምፅን ይከለክላል፤ ከዚያ ቢያንስም ሌላውን ያለ አግባብ የሚረብሽ ከሆነ ያው ክልክል ነው።

እንስሳቱን የሚጎዳው ድምፅ መሆኑንም በማያሻማ መንገድ ያሳየ ሙከራ አለ። በአሜሪካዋ የአይዳሆ ግዛት ውስጥ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 መንገድ በሌለበት ጫካ ውስጥ በግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ ስፒከሮች ደርድረው የመኪና ድምፅ አሰሙ። መኪና የለም፣ አስፋልት የለም፣ ጭስ የለም፤ ድምፅ ብቻ። ድምፁ በሚሰማባቸው ቀናት በዚያ የሚገኙት ወፎች ቁጥር ከሩብ በላይ ቀነሰ፤ አንዳንዶቹ ዝርያዎችማ ቦታውን ጨርሰው ሸሹት ማለት ይቻላል። የማይሸሹትም ይቸገራሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ጫጫታ ባለበት የሚኖሩ ወፎች ለመሰማት ሲሉ ዜማቸውን እንደሚያቀጥኑ አሳይቷል። የአንድ ቀን ስፒከር የአውራ ጎዳናን ያህል ጉዳት ያደርሳል እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ወፍ ማለዳ ላይ ጓደኛ ለመጥራት ያላት ጊዜ አጭር ነው፤ ያንን ጊዜ በዘፈን መሸፈን አያስፈልገንም።

በየሁኔታው ምን ልምረጥ?

ጎህ ሲቀድ ከወጣችሁ ፀጥታ። ነፋሱ ገና አልተነሳም፣ ወፎቹ የሚዘምሩት ያኔ ነው፣ ድምፃቸውም ሩቅ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ አየሩ ሲሞቅ አብዛኞቹ ዝም ስለሚሉ ሙዚቃ የሚሸፍነውም ነገር ያንሳል።

መልሶ መላልሶ የተሄደበት፣ ሰፊና ገላጣ መንገድ ላይ ለስፖርት የምትሮጡ ከሆነ ጆሮ ክፍት የሚተወው ማዳመጫና ደህና ምት ያለው ሙዚቃ። ብስክሌት፣ ገደል ወይም ወንዝ መሻገር ካለ ፀጥታ፤ ቁልቁለትም እንዲሁ።

ድንኳን ተክላችሁ ስታድሩ ጆሯችሁን ደፍናችሁ አትተኙ። ለመተኛት ሙዚቃ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት እንዲቆም ሰዓት ሙሉለት።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጆሮ ይስጡ። “ስንት ዓይነት ድምፅ ሰማህ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ በጣታቸው ይቁጠሩ። ልጅ ከትልቅ ሰው ቀድሞ አምስት ይደርሳል፤ የምትደነቁት እናንተ ናችሁ። ሲደክማቸው ግን ዘፈን ያስፈልጋል፤ ያኔ ከስልክ ይልቅ በአፍ አብራችሁ ዝፈኑ። ድቦች በሚኖሩበት አካባቢም የሰው ድምፅ ማሰማት መጥፎ አይደለም፤ ሳይታሰብ አጠገባቸው ከመድረስ ያድናል፣ ጆሯችሁንም አይደፍንም።

ከሰው ጋር ስትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አንድ ሙሉ ቀን ስንሄድ እሱ ጆሮውን ሰክቶ ነበር፤ ተቀይሞኝ መስሎኝ እኔም ዝም አልኩ፣ እሱም ዝምታዬን አይቶ የተቀየምኩት መሰለው። ማታ ላይ ስናወራ ነው ሁለታችንም ያወቅነው። አሁን አብረን ስንወጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሁለታችንም ጆሯችንን ክፍት አድርገን እንሄዳለን፤ ስንመለስ ዳገቱ ላይ የፈለገ ይሰካል። ዘፈኖቹን ከቤት አውርዶ ስለሚመጣና ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ ስለሚያደርገው መልእክትም አይገባም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ግን ቀድሞ የሚያወልቀው እሱ ነው፤ እዚያ ላይ ነፋሱ በሳሩ መሃል ሲያልፍ እንደሚሰማ ያውቃል።